ከጉሮሮው የወጡት

ቀረብ በሉ። ጨለማው እንደሆነ የሁላችንም ነው፤ ማንም ከማንም አይራቅ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ዝጋውና ግባ።

እናንተ ጋኔን በሌሊት ብቻ የሚወጣ ይመስላችኋል አይደል? ተሳስታችኋል። በሌሊትማ ሰው ይጠነቀቃል። በሩን ይዘጋል፣ ያማትባል፣ ጋቢውን ይከናነባል። ክፉው ሰዓት ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ወፍ እንኳ ዝም ሲል። እኔ የማወራችሁ ነገር የሆነው በቀትር ነው።

መንገዱ የገደል መንገድ ነበር። በዚህ በኩል ቋጥኝ፣ በዚያ በኩል አዘቅት። ሁለት ሰዎች ቢገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ መተላለፍ የለም። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ትከሻው ላይ ዶማ፣ እጁ ላይ መሮና መዶሻ ይዟል።

ወንድይፍራው ይባላል። የመንደሩን ስም ግን አልነግራችሁም። ለምን? ሄጄ ልየው የሚል ሞኝ አይጠፋማ።

ምን ፍለጋ ይሄዳል? ውሃ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ያ መንደር ድሮ ቦይ ነበረው። ከላይ ከምንጩ ተጠልፎ፣ በገደሉ ወገብ ዞሮ፣ እስከ ደጃፋቸው የሚደርስ ቦይ። ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ የለም። መሃል ላይ ቋጥኙ አላሳልፍ ሲል፣ የጥንቶቹ ሰዎች ቋጥኙን ፈልፍለው ውሃውን በውስጡ አሳልፈውታል። ያንን ቦታ ጉሮሮ ይሉታል። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ጎረምሶች ይገቡና ደለሉን ይጠርጋሉ።

አንድ ዓመት ገብተው ሳይወጡ ቀሩ። ናዳ ወረደ። መንደሩ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ቆፈረ፤ ድንጋዩ አልነቃነቅ አለ። አለቀሱ፣ ተዝካር አወጡ፣ ተዉት። ይሄ እንግዲህ በአያቶቻቸው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦዩ ደረቀ፤ ሴቱ ሁሉ እንስራውን አዝሎ ቆላ ወንዝ ድረስ ይወርዳል።

የወንድይፍራው ሚስት የሺመቤት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ገደሉ ላይ ተንሸራትታ ወደቀች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ጽንሱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው ዶማውን ያነሳው። ሰውም አዘነለት፤ ወንፈል ወጡለት። ከምንጩ እስከ ጉሮሮው፣ ከጉሮሮው እስከ መንደሩ ያለውን ቦይ ጠረጉ፣ የፈረሰውን በድንጋይ ካቡ። ጉሮሮው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዶማውን ጣለ።

«መቃብር አንቆፍርም» አሉ።

ስለዚህ ብቻውን ይቆፍራል። ሌላው ሰው ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እሱ ቋጥኝ ይመታል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መሮውን ይመታል። ቋ! ከውስጥ መለሰለት። ቋ! አቆመ። አቆመለት። ደገመ፤ ደገመለት። ማታ ለየሺመቤት ነገራት።

«የገደል ማሚቶ ነው» አላት።

«የገደል ማሚቶ መልስ እንጂ ጥያቄ ያውቃል? ካንተ ቀድሞ የመታ ዕለት ምን ልትል ነው?» አለችው።

በማግስቱ ቀድሞት መታ። እሱ ገና ዶማውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ ቋ! ቋ! ቋ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሸሹ ነበር። እሱም ሊሸሽ ነበር። ግን ያን ሰሞን ከታች ሌላ ድምፅ መጥቷል። ዶዘር። አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው፤ ከተማና ከተማ ሊያገናኝ። ቋጥኙ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። ቀለሙ ያረፈው የት ይመስላችኋል? ጉሮሮው ላይ ነው። በደማሚት አፍርሰው መንገዱን በዚያ ሊያወጡ።

ሽማግሌዎች ቀበሌ ሄዱ። ቀበሌ ወረዳ ሂዱ አላቸው። ወረዳ «ልማት እኮ ነው አባቶች፣ መንገድ ጠላችሁ እንዴ?» አላቸው። መንገድ ማን ይጠላል? ተመለሱ። ወንድይፍራው መሐንዲሱ ዘንድ ሄደ። መሐንዲሱ ክፉ ልጅ አልነበረም።

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ እኔ ምን ላድርግ? ካርታው ላይ እዚህ ቦታ ደረቅ ገደል ነው የሚለው። ውሃ የሚሄድበት ቦይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው።»

«ውሃ ቢሄድበትስ ትተዉታላችሁ?»

«ለአለቆቼ እነግራለሁ። ነገሩ የእኔ እጅ ላይ አይደለም።»

ለወንድይፍራው ይህቺ በቃችው። ውሃው ዶዘሩን መቅደም አለበት አለ። እና ተመልሶ ቆፈረ። ከውስጥም ይቆፈራል። እሱ ከዚህ፣ ያ ከዚያ። እሱ ከዚህ፣ ያ ከዚያ። ጠዋት ሲመጣ ትቶት የሄደው ፍርስራሽ ተጠርጎ ያገኘዋል።

ከዚያ አንድ ቀትር፣ ዶማው ቀዳዳ አገኘ። የሰው ጭንቅላት የምታስገባ ቀዳዳ። ቀዝቃዛ አየር ፊቱ ላይ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ከውስጥ ድንጋይ ብቅ አለ። ድንጋዩን የያዘ እጅ ብቅ አለ። አቧራ የለበሰ፣ ጥፍር የሌለው እጅ። «እንካ ተቀበለኝ» እንደሚል ሰው ድንጋዩን ዘርግቶለታል።

ምን ያድርግ? ከታች ዶዘሩ ያጓራል። ተቀበለው።

ሌላም አቀበለው። ተቀበለ። ሌላም። ላቡ ቀዝቅዞ ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ግን ይቀበላል። በመጨረሻ ከጨለማው ውስጥ ድምፅ ጠየቀው፤ የደረቀ ጉሮሮ ያለው ሰው ድምፅ።

«ውሃው መጣ ወይ?»

«ገና ነው፣ አባቴ» አለ ወንድይፍራው።

የሚገርማችሁ፣ መጣ። በበነጋው ከጉሮሮው በላይ ቦዩ ውስጥ ታቁሮ የነበረው የምንጩ ውሃ ደለሉን ገፍቶ ወጣ። አረፋና ጭቃ ሆኖ ወጣ፤ እያደር ጠራ። መንደር ገባ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አሮጊቶች ቦዩ ውስጥ ቁጭ አሉ፣ ከነልብሳቸው! የሺመቤት እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ አለቀሰች።

ወንድይፍራው እየሮጠ መሐንዲሱን ጎትቶ አመጣው። ልጁ ውሃውን አየ። ስልኩን አወጣ፣ ገደል ላይ ወጥቶ ደወለ፣ ብዙ አወራ። ሲመለስ የወንድይፍራውን ፊት ማየት አልቻለም።

«ደማሚቱ ተቀብሯል፣ ጋሼ። መንገዱ አይጠመዘዝም አሉ። ነግሬያቸዋለሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ነግሬያቸዋለሁ። ነገ ቀትር ላይ ይፈነዳል።»

በነጋው ቀይ ባንዲራ ተተከለ፣ ሰዉ ራቁ ተባለ። ሁሉም ከማዶ ቆሞ ያያል። ወንድይፍራው ተነስቶ ወደ ጉሮሮው ሮጠ። የሺመቤት ጋቢውን ያዘችው።

«አብደሃል? የሞተን ሰው ደማሚት ምን ያደርገዋል?»

«እነሱ መሞታቸውን አያውቁም፣ የሺ!»

ጋቢው እጇ ላይ ቀረ።

ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው። «አባቶቼ!» አለ። «አባቶቼ፣ ውሃው መጥቷል! ኑ ውጡ!» ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ አያቸው። ግድግዳው ሥር ባለው ደረቅ ጠርዝ ላይ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተደርድረው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ቀን የሰማው የአንዱን ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ናቸው። አንድ በአንድ ተነሡ። ዞረና ወደ ብርሃኑ መራቸው። ከኋላው የእርጥብ እግር ድምፅ ይሰማል፣ ጣፍ፣ ጣፍ፣ ጣፍ። ወደ ኋላ አላየም።

ውጭ ወጡ። ቦዩ ዳር ሄደው ተንበረከኩ። ሊጠጡ አጎነበሱ። ፊሽካው ተነፋ። ገና ከንፈራቸው ሳይረጥብ ተራራው ጮኸ።

ወንድይፍራው ከወደቀበት ሲነሣ በአቧራው ውስጥ ምንም አይታይም። እጁን ወደ ቦዩ ሰደደ። ጭቃ ብቻ። ውሃው ቆሟል። ጉሮሮው የለም። እና ከጆሮው ሥር ያ ድምፅ።

«ቤታችን በየት ነው?»

ምን ይበላቸው? ቤታቸው ከፈረሰ፣ ማሳ ከሆነ፣ ማሳውም ከተሸጠ ስንት ዘመኑ! ዘመዶቻቸውም ሞተው አልቀዋል።

«አላውቀውም፣ አባቶቼ» አላቸው።

አቧራው በረድ አለ። ከዚያ፣

«ያንተስ ቤት በየት ነው?»

ምነው ምላሱ በታሰረ! ምላሱስ አልተናገረም፤ እጁ ነው። እጁን አንሥቶ ጠቆማቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ እንስራ አይሞላም። የሺመቤት ከቆላ ቀድታ ታመጣለች፤ ቀትር ሲሆን እንስራው ባዶ ነው። ደግማ ትወርዳለች፤ ባዶ ነው። የሚታይ ሰው የለም፤ ግን መደቡ ላይ መቀመጫ አይገኝም። ሊቀመጡ ሲሉ የሆነ ነገር ይከብዳል። መምሬ ጥበቡ ጸበል ይዘው መጡ። ቤቱን ሊረጩ እጃቸውን ማሰሮው ውስጥ ቢያስገቡ፣ ማሰሮው ደርቋል። ሳይረጭ ጠጡት! መምሬ መስቀላቸውን ታቅፈው ወጡ፤ «እነዚህ ክፉዎች አይደሉም፤ የተጠሙ ናቸው። ለጥም የሚሆን ጸሎት የለኝም» አሉ።

የሺመቤት ከሳች። ወገቧ ጎበጠ። ወንድይፍራው አያት አያትና አንድ ቀን ቀትር ላይ ተነሣ።

«ኑ፣ አባቶቼ» አለ ወደ ባዶው መደብ። «ውሃ ወዳለበት ልውሰዳችሁ።»

«የት ነው?» አለች እሷ።

«እኔ እንጃ፣ የሺ። ከአንቺ ይራቁ ብቻ።»

በዚያ በአዲሱ የጠጠር መንገድ ሄደ። የሺመቤት በር ላይ ቆማ አየችው። ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ከኋላው ማንም የለም። አቧራው ግን የገበያተኛ አቧራ ነበር። ያ ሁሉ አቧራ ከአንድ ሰው እግር ሥር አይነሣም። አልተመለሰም። ፈለጉት፤ ጫማውን እንኳ አላገኙም።

ይሄንን ማን ነገረሽ ትሉኝ ይሆናል። ራሷ የሺመቤት ናት የነገረችኝ። ጎረቤቴ ነበረች። የነገረችኝም ስታረጅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዓመታት አለፉ። መንገዱ ላይ መኪና ይመላለሳል። አንድ ቀን የሺመቤት ከገበያ ብቻዋን ትመለሳለች። ቀትር ነው፤ መኪናም የለም፣ ሰውም የለም። ጉሮሮው የነበረበት ቦታ ስትደርስ ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች። ብዙ እግር። ወደ ኋላ አላየችም። ከዚያ አንድ ድምፅ ጠየቃት። የድሮ ሰው ድምፅ አልነበረም። ምንጊዜም የምታውቀው ድምፅ ነው፤ የደረቀ ግን፣ የደከመ።

«እመቤቴ፣ መንገድ ጠፋብኝ» አላት። «የየሺመቤት ቤት በየት ነው?»

አስቡት! ባሏ ነው። ቤቷን የሚጠይቃት እሷኑ ነው። ብትመልስለት ይመጣል። እሱ ቢመጣ ሁሉም ይመጣሉ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፣ ነከሰችው። እግሯን አነሣች። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቃት፣ በትሕትና፣ እንግዳ ሴትን እንደሚጠይቅ ሰው። አልመለሰችም። ሄደች።

«አልመለስኩለትም» ነው ያለችኝ ስትነግረኝ። «እስኪደክመው ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም።» እና እጄን ያዘችኝ።

አሁን የሺመቤትም አፈር ሆናለች። ቤቷም ፈርሷል። እሱ ግን ይሄን አያውቅም፤ ማን ይንገረው? ስለዚህ ልጆቼ፣ የቱ መንገድ እንደሆነ አልነገርኳችሁምና፣ በቀትር በየትኛውም የገደል መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ብትሄዱም፣ ከኋላ በትሕትና የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር፣ አትዙሩ። ቤታችሁንም በእጃችሁ አትጠቁሙ። ጥም ያለበት ሰው የተጠቆመለትን በር አይረሳም።