«ይክፈቱላቸው» ያልኩ ቀን

ወላሂ እውነት ነው። እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም፤ ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም።

ሌሊት አልነበረም። ማክሰኞ፣ ጥር ወር ውስጥ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ለቡ ያለችው ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እየበላሁ ነበር።

ሳዳም እባላለሁ። ፍሪጅና ፍሪዘር ነው የምጠግነው። ጉራ አይሁንብኝና ግማሹን ብልሽት ቦታው ሳልሄድ በስልክ ነው የማውቀው። ሰው ሶኬቱ መነቀሉን ሳያይ «ጋዝ አልቆ ነው» ብሎ ይደውላል። ሌላው ክዳኑ አልዘጋ እስኪል ስጋ ጠቅጥቆ «አልበርድ አለኝ» ይላል። ሦስት አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ያልቃል።

ያቺ ጉራዬ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። የአሮጊት ድምፅ... በሹክሹክታ።

«ፍሪዘር የምትሠራው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ማሚቴ እባላለሁ፣ ከፉሪ ነው። ፍሪዘሬ አልበርድ አለኝ ልጄ። የልጅ ልጄ ሴና ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ትመጣለች። እሷ ሳትመጣ መብረድ አለበት። በፈጠረህ።»

ሕፃን ልጅ ሳትመጣ ፍሪዘር መብረድ ያለበት ለምንድን ነው? አልጠየቅኩም። አይስክሬም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ሶኬቱ ተሰክቷል?»

«ተሰክቷል።»

«ክዳኑስ ግጥም ይላል?»



«አይልም... ከውስጥ ይገፉታል።»

ሳቄ መጣ። «በጣም ሞልተውታል ማለት ነው እማማ።»

«አዎ። ጠቧቸዋል።»

ጥር የሰርግ ወር ነው። ሰው አርዶ ፍሪዘር ሙሉ ስጋ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው። በልቤ በጎች ናቸው አልኩ።

«ድምፅስ ያሰማል?»

«ያንኳኳሉ።»

«ሞተሩ ነው የሚያንኳኳው?»

«እኔ ምኑን አውቄው። በፊት ማታ ማታ ነበር። አሁን ቀንም ጀምረዋል።»

አነጋገራቸው ትንሽ ከነከነኝ። እድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

«ግድግዳው ላይ በረዶ ተቆልሏል?»

«አንድ ስንዝር ይሆናል።»

በቃ፣ አገኘሁት! በረዶ ሲቆለል ብርዱን ያፍነዋል። ማንም ጠጋኝ የሚያውቀው ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ነቅሎ፣ ከፍቶ ማቅለጥ።

«ከሶኬቱ ይንቀሉትና ክዳኑን ይክፈቱት። እኔ እስክደርስ ይቅለጥ።»

«ልክፈትላቸው?»

«ይክፈቱላቸው።» እኔም አፋቸውን ተከትዬ።

«ይውጡ... ትላለህ?»

«ይውጡ እንጂ! ለአንድ ሰዓት ምንም አይሆኑም።»

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እማማ፣ እኔ ነኝ የምልዎት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«እሺ... ባለሙያው አንተ ነህ።»

ስልኩን አልዘጉትም። የክዳኑ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ተሰማኝ። ከዚያ እርጥብ ነገር ሲሚንቶ ላይ... ጠብ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ... ጠብ።

ስጋውን እያወጡ ነው ብዬ ወደ ምሳዬ ተመለስኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ፉሪ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። የነገሩኝን ሰማያዊ የግቢ በር አገኘሁት። ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ከደጃፉ ጀምሮ መሬቱ ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል። ከቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ነው።

እማማ ማሚቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ፀሐይ ላይ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ።

«ደህና ዋሉ እማማ። የት ነው?»

በጣታቸው ጓሮ ያለውን ክፍል አሳዩኝ። አብረውኝ አልተነሱም።

ገባሁ። ትልቅ ፍሪዘር ነው፤ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ዓይነት። ተከፍቷል፣ ከሶኬቱም ተነቅሏል። ሁሉም እንዳልኩት ነው።

ግን ስጋ የለም።

የስጋ ሽታም የለም። አንዲት የደም ጠብታ እንኳ የለችም።

ወደ ውስጥ ጎንበስ አልኩ። ወለሉም በበረዶ ተሞልቷል። መሐሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ነገር አለ... ሰው ብዙ ዘመን የተኛበት ፍራሽ እንደሚሰረጉደው። የጭንቅላት ቦታ አለው። የትከሻ ቦታ አለው። ጉልበቱ ታጥፏል።

ቀና ስል ክዳኑን ከውስጥ በኩል አየሁት። ጎማው ተቦጭቋል። በጥፍር ነው የተቦጨቀው።

«ቢስሚላህ» አልኩ። ወደ በረንዳው ተመለስኩ።

«እማማ... በጎቹን የት አደረጓቸው?»

«የምን በግ?»

«ስጋው...»

«ስጋ የለኝም እኮ ልጄ።»

«ታዲያ ‹ጠቧቸዋል› ያሉኝ እነማንን ነው?»

ገርሟቸው አዩኝ።

«እነማን ትላለህ እንዴ! ባለቤቴን ነዋ። ኦቦ ኮርሳን።»

ክው አልኩ።

አማርኛችን ጉደኛ ነው። ለብዙም «ናቸው»፣ ለአንድ ትልቅ ሰውም «ናቸው»። እኔ ብዙ መስለውኝ ነበር። ለካ አንድ ናቸው። አንቱ ናቸው!

«ሞተዋል... አይደል?» አልኳቸው።

«ሁለቴ ቀበርናቸው» አሉ በሹክሹክታ። «ሁለቴም ተመለሱ። ሴናን ሳልይዝ አልሄድም ይላሉ። በሕይወት ሳሉ ነፍሳቸው ነበረች። በረዶ ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው ዝም የሚሉት። ሰሞኑን አልበርድ ሲል ስሟን መጥራት ጀመሩ...»

«ታዲያ ለምን ከፈቱላቸው?!»

«አንተ አይደለህ ይውጡ ያልከኝ?»



«የት... የት ሄዱ?»

እማማ ማሚቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ከትምህርት ቤት እኔ ላምጣት አሉ።»

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት።

የእቃ ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። የማላውቃት ልጅ ናት፤ ግን የራሴ ልጅ ብትሆን ከዚያ በላይ አልፈራም ነበር። እኔ ነኝ ያስከፈትኩት።

ከግቢው እንደወጣሁ አየኋት። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ቦርሳዋን አዝላለች። ብቻዋን ናት።

«አልሃምዱሊላህ!»

ከዚያ ቀኝ እጇን አየሁት።

ወደ ላይ ተዘርግቷል። የረጅም ሰው እጅ እንደያዘ ልጅ። አንጋጣ እያየች ታወራለች፣ ትስቃለች። ከእጅጌዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሴና!» አልኩ። «እጅሽን ልቀቂ! ወደኔ ነይ!»

ቆመች። ቅር ብሏት አየችኝ።

«ጋሼ፣ መንገድ ይልቀቁላቸው እንጂ።»

ይህን ስናገር አፍራለሁ። ለሽማግሌ መንገድ መልቀቅ ከልጅነቴ ያደግኩበት ነው። እግሬ ሳላዘው ወደ ዳር ወጣ።

በአጠገቤ አለፉ። ጆሮዬን ብርድ ጠበሰኝ።

ወደ ግቢው አልገቡም። በሩን አልፈው፣ ቁልቁል፣ ቤቶቹ ወደሚያልቁበት ሄዱ። ከኋላዬ እማማ ማሚቴ ስሟን እየጠሩ ይጮሃሉ።

ነፍሴን ሳውቅ ሮጬ ተከተልኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ማንም የለም። ሜዳ ነው፤ መደበቂያ ዛፍ እንኳ የለውም።

አቧራው ላይ የሁለት ሰው ዱካ አለ። አንዱ የልጅ ጫማ ነው። ሌላው ባዶ እግር ነው፤ ትልቅ፣ እርጥብ።

ጎን ለጎን ጥቂት ተራመዱ። መሐል መንገድ ላይ የልጅቷ ዱካ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የባዶ እግሩ ብቻ ነው... ከበፊቱ ጠለቅ ብሎ፣ ሸክም እንደተሸከመ ሰው።