የዳር ሰው

«አንተ ልጅ፣ ክርህን ጠቅልል» አለ ዘበኛው።

አልአዛር ዓይኑን ከውሃው አላነሳም። ክሩ ጣቱ ላይ ትንሽ ተርገብግቦበት ነበር። ከታች አንድ ቆሮሶ ትሉን እየቀመሰ እንደሆነ ያውቃል። ዓሣ ሲቀምስ አይሳብም፤ ሲነክስ ነው የሚሳበው።

«ላንተ እኮ ነው የማወራው።»

«አንዴ ጋሼ፣ እየነካካው ነው።»

ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ዱላውን ተደግፎ እሱም ክሩን ያይ ጀመር። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ፣ ዓሣው ትሉን ጠርጎ በልቶ መንገዱን ቀጠለ።

«አየህ፣ ለእሱም ነግረውታል» አለ ዘበኛው።

ከኋላቸው ሠራተኞች የቆርቆሮ አጥር እያቆሙ ነበር። ቦታው ላይ ሎጅ ሊሠራ ነው ተብሏል። አጥሩ ከመንገዱ ተነስቶ በሾላው ሥር ያልፍና፣ ሰው ዞሮ እንዳይገባ ጥቂት ውሃው ውስጥ ይዘልቃል። ከዚህ ወደ ታች ያለው ዳርቻ አምና ታጥሯል። ወደ ላይ ያለው ደግሞ ሰው ለብሶ የሚንሸራሸርበት መናፈሻ ነው፤ እዚያ ክር የጣለን ልጅ ደንብ አስከባሪ ያባርረዋል። ከዚያ ሁሉ ሐይቅ ለአልአዛር የቀረችው ይህች ሾላ ሥር ያለች ቦታ ነበረች። ዛሬ እሷም አለቀች።

ክሩን ጠቀለለ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንደሰበሰበ፣ ባዶ ፌስታሉን ይዞ ወደ ታቦር ሰፈር አቀና።

አልአዛር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ደምሴ ጀልባና መረብ አለው። የባለ ጀልባ ልጅ ዳር ቆሞ በክር ሲያጠምድ ማየት ለሰፈራችን የማያልቅ መዝናኛ ነበር፤ ባጃጅ ያለው ሰው ልጅ በፀሐይ በእግሩ ሲኳትን እንደማየት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጉዳዩን መርምሮ «ውሃ ይፈራል» ብሎ ደመደመ። አልአዛርም አላስተባበለም። ውሃ የሚፈራ ልጅ ይታዘንለታል። «እኔ ዳር ነው የምወደው» ለሚል ልጅ ግን ምን ይደረግለታል?

አንድ ጊዜ ለጓደኛው ለኑሪ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር። ኑሪ የክፍሉ ልጅ ነው፤ አባቱ ጋሽ አብዱልፈታህም ባለ ጀልባ ናቸው።

«ጀልባ ላይ ዓሣውን የምታየው ከሞተ በኋላ ነው» አለው አልአዛር። «ማታ መረብ ትጥላለህ፣ ሄደህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ትሰበስባለህ። ከዳር ግን ክሩ እጅህ ላይ ነው። ሲመጣ ታውቀዋለህ። ትንሽ ከሆነ መልሰህ ትለቀዋለህ።»

ኑሪ ትክ ብሎ አየው። «አቦ፣ ዓሣ እየያዝክ ነው ወይስ እየተጫጨህ?»

ከዚያ ወዲህ አልአዛር ለማንም አላስረዳም። ፍርሃቱን ይዞ ተቀመጠ።

ቤት ሲደርስ አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ትከሻውን በቅባት ያሻል። እናቱ ሐዳሳ ከጎኑ ሽንኩርት ትልጣለች።

«አምሳሉ ሄደ» አለ አባቱ። አምሳሉ አብሮት ጀልባ የሚወጣው ሰው ነው። «ኮብልስቶን ሊያነጥፍ። ደረቅ ሥራ ይሻለኛል አለኝ።»

«እሱም ውሃ መፍራት ጀመረ?» አለች ሐዳሳ ወደ ልጇ እያየች። ቀልዷ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

«መቅዘፍ አያቅተኝም። መረብ መሳብ ነው ይኼ ትከሻ እምቢ ያለው። ዛሬ እንደምንም ብቻዬን ጥዬዋለሁ። ነገ የሚያነሳው ሰው የለኝም።»

አልአዛር ፌስታሉን አጣጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠው። «አባ፣ እኔ እኮ...»

«እንደምትፈራ አውቃለሁ።» የደምሴ ድምፅ ለስላሳ ነበር። «እኔ አብሬህ ነኝ። ምንም አትሆንም።»

ፍርሃት አይደለም ሊለው ይችል ነበር። ከዚያ ግን ዳሩን ነው የምወደው ማለት ይመጣል፤ የትኛውን ዳር?

«እሺ» አለ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ወጡ። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር። ደምሴ መሐል ተቀምጦ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀዝፋል። አልአዛር ከፊተኛው ጫፍ ተንበርክኮ ያያል፤ እንዲህ ባለ ጀልባ ላይ ዓይን የሚሆነው ፊት ያለው ሰው ነው።

«ሰማያዊ ስታይ ንገረኝ» አለው አባቱ።

መረብ ውሃ ላይ የሚታወቀው በተንሳፋፊው ነው። ሰዉ ተንሳፋፊውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጦ ነው የሚሠራው፤ ሁሉም የራሱ ቀለም አለው። ደምሴና አብዱልፈታህ ግን አንድ ቀን ገበያ ወጥተው ከአንድ ክምር ላይ ስለገዙ የሁለቱም ሰማያዊ ሆነ። ተሳሳቁና ደምሴ የራሱን ክብ፣ አብዱልፈታህ የራሳቸውን አራት ማዕዘን አድርገው ቆረጡ። ለጀልባ ሰው ይኼ ከበቂ በላይ ነው። ለዳር ሰው ግን ሰማያዊ ያው ሰማያዊ ነው። ደምሴ ደግሞ ይህን ለልጁ መንገር አልታየውም፤ የገዛ ስሙን እንደሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል ብሎ ነው።

«ያውልህ፣ አባ» አለ አልአዛር።

ደምሴ ሳይዞር ጀልባውን አስጠጋ። አልአዛር መረቡን ይዞ መሳብ ጀመረ። ገመዱ መዳፉን ቆረጠው። ቀጥሎ ዓሣው መጣ፤ አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት ተያይዞ፣ ከዚያ መቁጠር ተወ። አብዛኛው ሞቶ ቀዝቅዟል። አንዳንዱ ግን አፉን ይከፍታል፤ እሱን ሲያይ አልአዛር ፊቱን ያዞራል።

«በርታ የኔ ልጅ» ይላል አባቱ ከኋላ፣ ጀልባው እንዳይዞር በመቅዘፊያው እየያዘ። «በርታ። ጀልባው እኮ አንተን ነው ሲጠብቅ የነበረው።» ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ተሰማ።

መረቡ ባዶ ሆኖ ወደ ውሃው ሊመለስ ሲል ደምሴ መቅዘፊያውን አሳርፎ ሊያግዘው ዞረ። አንዱን ተንሳፋፊ ያዘ። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው። ሳቁ ቆመ።

«ምነው አባ?»

«ይኼ የእኛ አይደለም።»

በእነሱ ዘንድ ወግ አለ። ሰው ተሳስቶ የሌላ ሰው መረብ ቢያነሳ ነውር የለበትም። ባለቤቱ ዳር ከመድረሱ በፊት የተሳሳተው ሰው እዚያ ላሉት ይናገራል፣ ዓሣውን ያስቀምጥለታል፣ አንድ ሳምንት ይሳቅበታል፣ አለቀ። ባለቤቱ ደርሶ «መረቤ ተነክቷል» ካለ በኋላ ግን ስህተት የሚባል ነገር የለም። መረቡን የሳበው ሰው ሌባ ነው፤ የአጥማጆቹ ኮሚቴ ዓመት ሙሉ የትኛውም ጀልባ ላይ እንዳይወጣ ይከለክለዋል።

«እንነግራቸዋለን» አለ ደምሴ። «የጋሽ አብዱልፈታህ ነው። ዳር ስንደርስ እንነግራቸዋለን። ደግሞ ሲስቁብህ አትቀየም።»

«አልቀየምም» አለ አልአዛር። ልቡ ትንሽ ቀለለው።

የራሳቸውን መረብ ያገኙት ራቅ ብሎ ፊላው አጠገብ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተንሳፋፊዎቹ አንድ ቦታ ተከምረዋል። አልአዛር ሲስበው ምንም ሳይከብደው መጣ። ጉማሬ አልፎበታል። መሐሉ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኖ፣ የቀረው እንደ አሮጌ ሻሽ ተጠቅልሏል። አንድ አምባዛ ብቻ ነበረበት፤ እሷም ግማሽ አካሏ ተበልቷል።

ደምሴ የተበጠሰውን መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው። ይሰፋ እንደሆነ በጣቱ ሞከረው። አይሰፋም።

ሲመለሱ አልአዛር ከኋላ ተቀምጦ ስለነበር አባትና ልጅ ፊት ለፊት ሆኑ። ደምሴ በአንድ ትከሻው ስለሚቀዝፍ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ እያቆመ ያቃናዋል።

«አልአዛር።»

«አቤት።»

«የሰው መረብ አላነሳንም።»

አልአዛር ቀና ብሎ አባቱን አየው።

«ሰማህ? ይኼ ዓሣ ከእኛ መረብ ነው የወጣው። ሌላ መረብ የለኝም፣ ልጄ። ይኼንን ከሰጠሁ ነገ ውሃው ውስጥ የምጥለው ነገር የለም።» ልመና ነበር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። ትእዛዝ ቢሆን ለአልአዛር በቀለለው።

እግሩ ሥር ያለውን ዓሣ አየ። ሾላው ሥር ቢሆን ይህን ያህል በዓመትም አይዝም። እዚያ የያዛት ግን የማን ናት ብሎ መጠየቅ አስፈልጎት አያውቅም።

ዓሣ የሚራገፍበት አሞራ ገደል ሲደርሱ ገዢው ተሰብስቧል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም በረጃጅም እግራቸው ቆመው እንደ ሽማግሌ ይጠብቃሉ። ዓሣ ቀቅላ የምትሸጠው ብርቅዬ ሳህኗን ይዛ መጣች።

«እሰይ፣ የዳሩ ሰውዬ ከጀልባ ወረደ» አለች። «ምነው አልተንቀጠቀጥክም? እኔ ብርድ ልብስ ይዤ ልመጣ ነበር።» ሰዎች ሳቁ። «ደግሞ ገድህ ቀና ነው። ደምሴ፣ ይኼን ልጅ የት ደብቀኸው ነው?»

«እትዬ ብርቅዬ...» አለ አልአዛር።

«ወዬ።»

አሁን ቢናገር ስህተት ነው። ሰዎቹ እንደገና ይስቃሉ፤ ዓሣው ለባለቤቱ ይቀመጣል። አባቱ ጀልባውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አላለም። ገመዱን ይዞ እንዳጎነበሰ ቆየ።

«ምንም» አለ አልአዛር። «ዓሣው ከባድ ነው ልልሽ ነው።»

«ከባድማ ይሁን እንጂ።»

ከጭጋጉ ውስጥ የእነ ኑሪ ጀልባ ብቅ አለ። ገና ሩቅ ነው። አልአዛር ዓሣውን ወደ ትልቁ ሳህን እያስተላለፈ ቀና ይላል፣ ያያል። አሁንም ሩቅ ነው። አሁንም ይደረሳል። ሌላ ዓሣ አስተላለፈ። ሌላም። የጀልባው ሆድ አሸዋውን ሲፍቅ ሰማ።

ጋሽ አብዱልፈታህ ወረዱ። ጮክ ብለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

«መረቤ ተነክቷል» አሉ።

ሳቁ ሁሉ ቆመ። ብርቅዬ ሳህኗን መሬት አስቀመጠች። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፤ ደምሴን ግን ማንም አላየውም፤ ትከሻው የታመመ ሰው የሰው መረብ ይስባል ብሎ ማን ያስባል?

ኑሪ ውሃውን እየረጨ ወደ አልአዛር መጣ። «ጀለሴ፣ ወጣህ አይደል? እኔ እኮ አላመንኩም።» ትከሻውን መታ አደረገው። «ኮራሁብህ፣ የምር። የእኛ ግን ባዶ ነው። አንዷ እንኳ የለችም። ፋዘር መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም።»

አልአዛር ሳህኑን አየ። ቢናገር ጀልባ ይከለከላል። እሱ ጀልባ ከተከለከለ አባቱ መረብ የሚስብለት የለም፤ የሚስበው መረብም የለም። ዳሩም ታጥሯል። ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያወራል፤ ያ ፈሪ ልጅ ከጀልባ ለመውረድ ብሎ አባቱን ጉድ ሠራው ይላል። ዝም ቢል ነገ ጠዋት እንደገና ከጀልባው ጫፍ ይንበረከካል፤ ኑሪም እንደገና ትከሻውን መታ ያደርገዋል።

ሁለቱንም እያገላበጠ ፈለገ። ደህና የሚሆንበት አልነበረም።

ጎንበስ ብሎ ሳህኑን በሁለት እጁ አነሳ። ወዲያው የአባቱ እጅ የሳህኑን ጠርዝ ያዘ።

«ጀልባውን ስለጠላህ ነው?» አለ ደምሴ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አልአዛር መልሱን ውስጡ ፈለገው። «አላውቅም፣ አባ» አለ።

እጁ ለቀቀው። ፈቅዶ ይሁን ትከሻው አልችል ብሎት መለየት አይቻልም ነበር።

አልአዛር ተራመደ። ኑሪ መጀመሪያ ሊያግዘው እጁን ዘረጋ፤ ፊቱን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው። የጋሽ አብዱልፈታህ ጀልባ ገና ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለነበር አልአዛርም እስከ ጉልበቱ ገባ። ሳህኑን ከጣውላው ላይ አስቀመጠው።

«መረብዎን የሳብኩት እኔ ነኝ» አለ።

ጋሽ አብዱልፈታህ ዓሣውን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ከልጁ ትከሻ በላይ አሻግረው ዳር የቆመውን ሰው አዩ።

«አባትህ አይቷል?»

«እሱ እየቀዘፈ ነበር።»

 በመጨረሻ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አንድ ሰው የኮሚቴውን ሊቀመንበር ሊጠራ ሲሮጥ እግሩ አሸዋው ላይ ይሰማል። አልአዛር ወደ ዳር አልወጣም፤ ወደ ጀልባውም አልተደገፈም። ሊቀመንበሩ እስኪመጣ ድረስ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ከቶ፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ ጠበቀ።