ስለ ቡሬ አሜን

«ስለ ዛሬው ዝናብ እናመሰግንሃለን፤ ጣራችን ሳያፈስ ስላለፈ» አሉ ኦቦ ሞቱማ።

«አሜን።»

«ስለ ባቄላው እናመሰግንሃለን፤ በረዶ ስላልመታው።»

«አሜን።»

«ስለ ወርቅቱ ጥርስ እናመሰግንሃለን፤ ከትናንት ዛሬ ተሽሏታል።»

«አሜን» አሉ ባለቤታቸው ወርቅቱ፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው እንደደገፉ።

ተረፈች በሩ አጠገብ ቆማ የሚመጣውን ትጠብቃለች። የአባቷ ምስጋና መንገዱን አይስትም፤ ከሰማይ ይጀምርና ወደ እርሻው ይወርዳል፣ ከእርሻው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ በረት። ጥርሱ ካለፈ የሚቀጥለው በረቱ ነው። በረቱ ውስጥ ደግሞ ላማቸው ቡሬ አለች።

«ስለ ቡሬ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ ድምፃቸውም ሞቅ አለ። «ከዚያ ሰው ከሚውጥ ረግረግ በልጄ በተረፈች እጅ ስላወጣሃት፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአሥር ጎረምሳ ጉልበት ስለሰጠህ፣ ያ ዋቃ፣ ገለቶሚ! ተመስገን!»

«አሜን!» ብሎ ጮኸ ትንሹ ወንድሟ ኩምሳ። እናቷም አሜን አሉ። ተረፈች ግን አሜን አላለችም። ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ አለፈችው። እንዲህ ስታደርግ ዛሬ ዘጠነኛ ምሽቷ ነው።

ኦቦ ሞቱማ ፊደል አልቆጠሩም፣ ዳዊትም አይደግሙም። ማመስገን ላይ ግን በሱሉልታ ሜዳ የሚስተካከላቸው አልተገኘም። ከራት በፊት ቤተሰቡን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው ያቆሙና አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብሎ መቀመጥ ለእሳቸው ስንፍና ነው። «ጎረቤትህ አንድ ቁና ገብስ ቢሰጥህ ስለ ሁሉም ነገር ትለዋለህ? ስለ ገብሱ ነው እንጂ!» ይላሉ። እናም ሽሮው እየቀዘቀዘ፣ የኩምሳ ሆድ እየተንጫጫ ዝርዝሩ ይቀጥላል። ተረፈች ከዚህ በፊት ይህን ሰዓት ትወደው ነበር። ውኃ ስለቀዳች ወይም ኩምሳን ፊደል ስላስቆጠረች ስሟ በእግዚአብሔር ፊት ሲጠራ ጆሮዋ ድረስ ይሞቃታል።

አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እውነቱ ይኸውላችሁ።

ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን ቡሬን እንድትጠብቅ የታዘዘችው ተረፈች ነበረች። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የጎጃም አውቶቡስ ጭቃ ያዘው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይገፋል፤ አንዲት ባለተረከዝ ጫማ ሴትዮ አንዱን ጫማዋን ጭቃ ውጦባት በአንድ እግሯ ትዘላለች። እንዲህ ያለ ትርኢት መንገድ ዳር እያለ ላም የሚጠብቅ ማነው? ተረፈች ሮጣ ሄደች፤ ሄዳም ቆየች።

ስትመለስ ቡሬ ረግረጉ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጥማለች። አጠገቧ ደግሞ ራህመት እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ራህመት የባለሱቁ የሸምሰዲን ልጅና የተረፈች የክፍል ጓደኛ ናት። የሱቃቸው የጓሮ በር የሚከፈተው ወደ ረግረጉ ነው። የላሟን ጩኸት ስትሰማ ሱቁን እንዳለ ክፍቱን ጥላ፣ ገመድና አራት ባዶ ጆንያ ይዛ ሮጠች። ጆንያዎቹን አጣጥፋ ከቡሬ የፊት እግሮች ሥር ጠቀጠቀች፤ ገመዱንም ቀንዷ ላይ አስራ ትጎትት ነበር።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ጭራዋን ያዢ!» ብላ ጮኸች።

ተረፈች ጭራዋን ያዘች። ቡሬ ጆንያዎቹን ረግጣ፣ እያቃሰተች፣ ሁለቱንም ጭቃ አልብሳ ወጣች። ወዲያው ከመንገዱ በኩል የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። አውቶቡሱ ከጭቃው ወጥቷል ማለት ነው፤ የራህመት አባትም ዕቃ ጭነው የሚመጡት በእሱ ነው።

«ወይኔ አባባ! ሱቁ ክፍት ነው!» አለች ራህመት። «አላየሽኝም፣ እሺ? ማይልኝ!»

«እናቴ ትሙት!»

ራህመት ጭቃዋን ልትታጠብ በጓሮ በኩል ተፈተለከች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ኦቦ ኢተፋ ደረሱና ተረፈችን ብቻዋን፣ በጭቃ ተለውሳ፣ የላሟን ገመድ እንደያዘች አገኟት። «ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! ጀግና!» ብለው መንደሩን ጠሩ። እሷም ዝም አለች። ለራህመት ምላለች፣ ያ አንድ ነገር ነው። ላሟን ጥላ አውቶቡስ ስታይ መዋሏ ከታወቀም ዱላው ቀላል አይሆንም። ከሁሉም በላይ ግን፣ ለራሷም ደፍራ ባትነግረው፣ ሙገሳው ጣፍጧታል።

ከዚያ ወዲህ ከራህመት ፊት ትሸሻለች። ጾም ስለሆነ የቡሬን ወተት ቤት ውስጥ የሚቀምሰው የለም፤ በየቀኑ የሚሄደው ለሸምሰዲን ቤት ነው። ወተቱን ማድረስ የተረፈች ሥራ ቢሆንም ሰበብ እየፈጠረች ኩምሳን ትልካለች።

በማግስቱ፣ ነሐሴ 15 ከሰዓት በኋላ ግን ማምለጫ ጠፋ።

«ተረፈች፣ ሸምሰዲን ጋ ሄደሽ ጥላውን አምጪ» አሏት አባቷ። ስለ ቡሬ መዳን ለማርያም የሚያስገቡት የምስጋና ጥላ ነው። ነገ የፍልሰታ ንግሥ ነው፤ ተረፈች ራሷ ጥላውን ይዛ በሕዝቡ መሃል ታልፋለች፣ መሪጌታውም ያደረገችውን በሙሉ ድምፅ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አባቷ ይህንን ሲያስቡት ገና ከአሁኑ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ሱቁ ውስጥ ሸምሰዲን ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላ ከመደርደሪያ አወረዱ። «ከመርካቶ ስንቱን ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት! ለጀግና የሚገባ ጥላ!» አሉና ሁለት ከረሜላ መዳፏ ላይ አኖሩላት። ከዚያ ጨው ወደምትሰፍረው ልጃቸው ዞሩ። «አየሻት ራህመት? እሷ ላም ከረግረግ ታወጣለች፤ አንቺ አራት ጆንያ መጠበቅ አቃተሽ። ጆንያ እግር አውጥቶ ሄደ? መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ዕቃ መጠበቅ እስክትለምጂ እዚሁ ነሽ።»

ራህመት ቀና አላለችም። ተረፈች ከረሜላዎቹን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ሸምሰዲን ሌላ ደንበኛ ሲያስተናግዱ ተረፈች በጓሮ በኩል ዞራ ጓደኛዋን ጠራቻት።

«ለምንድን ነው የማትነግሪያቸው?»

«ምን ብዬ? ጆንያው ከላማችሁ እግር ሥር ነው፣ ሱቁም ክፍቱን ነበር ብዬ?» አለች ራህመት። «ደሞ አባትሽ ስላንቺ የማያወሩበት ቦታ የለም። አባባ እንኳ ጠዋት ማታ እንደ ተረፈች ሁኚ ይለኛል። እንዳንቺ ልሁን? ጭራ ልያዝ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። ሳቁ ሳያልቅ የራህመት ዓይን እንባ ሞላ። ሁለቱ ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰው ነበር።

«ከመሐላው ፍቺኝ» አለች ተረፈች።

«ይጮህብኛል። መምታቱን አይመታኝም፤ ግን ጩኸቱ! ታውቂው የለ?»

«ሲጮሁ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ራህመት አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «እንደፈለግሽ» አለችና ወደ ጨው መስፈሯ ተመለሰች።

ማታ እንደ ወትሮው ቆሙ። ዝናቡ ተመሰገነ፣ ባቄላው ተመሰገነ፣ የእናቷ ጥርስ ተመሰገነ።

«ስለ ቡሬ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ «በልጄ በተረፈች እጅ...»

«አባባ፣ እሱ ጋ ይቁሙ» አለች ተረፈች።

ጸሎት አቋርጦ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት የለም። አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። እሷም ሁሉንም አወጣችው፤ አውቶቡሱን፣ ሴትዮዋን፣ ራህመትን፣ ጆንያውን፣ መሐላውን፣ ሰባተኛ ክፍልን። ሙገሳው እንደጣማትም አልደበቀችም። ስትጨርስ ከብዙ ቀን በኋላ ደረቷ ቀለላት።

«እንግዲያ ዘጠኝ ማታ ሙሉ» አሉ ኦቦ ሞቱማ ቀስ ብለው፣ «እግዚአብሔር ፊት ቆሜ የማወራው ውሸት ነበር?»

«እሱ ግን ያውቅ ነበር» አለ ኩምሳ።

እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተረፈች የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ግን ሳቅ መሆኑ ታወቀ። አባቷ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ ከዚያ ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ያን ሁሉ ሲሰማኝ ምን ይል ነበር ይሆን!» አሉና ጋቢያቸውን ከምሰሶው አነሱ። «ማንም እንዳይቀመጥ፤ ጸሎቱ አላለቀም። ተረፈች፣ ነይ!»

ሸምሰዲን የሱቃቸውን መዝጊያ ሲያወርዱ ደረሱባቸው።

«ሸምሰዲን፣ ልጅህን ጥራልኝ።»

«ደግሞ ምን አጠፋች?»

ራህመት ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ኦቦ ሞቱማ ካፊያው እየመታቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና በእሷ ፊት ዝቅ አሉ። «ራህመት ልጄ፣ ገለቶሚ። ላሜን አወጣሽልኝ፣ እኔም ሳላመሰግንሽ ዘጠኝ ቀን በላሁ ጠጣሁ። ይቅር በይኝ።» ከዚያ ታሪኩን ከነጆንያው ለሸምሰዲን ነገሯቸው።

«ሱቁን ክፍቱን?!» ብለው ጮኹ ሸምሰዲን። «ስኳሩስ? አቡጀዲውስ? ላምባውስ?» ጩኸታቸው በእርግጥም ያስፈራ ነበር። ተረፈች ሄዳ ራህመት አጠገብ ቆመች፤ ትከሻቸው ተነካካ።

«የጠፋ ዕቃ አለ እንዴ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ።

«አራት ጆንያ!»

«እሱማ ላሜ ረግጣው ረግረግ ገብቷል። ለመኸር በገብስ ሞልቼ እመልስልሃለሁ።»

ሸምሰዲን ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት፤ ገና ዛሬ ያዩዋት ይመስል ነበር። «ያቺን የምታክል ላም፣ ብቻሽን?»

«ተረፈች ጭራዋን ይዛልኛለች» አለች ራህመት።

ሸምሰዲን ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁና እንባው ተደባለቀባቸው። «አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ የሰው ልጅ ሳደንቅ ከረምኩ! አልሐምዱሊላህ!»

«ጋሼ፣ ሰባተኛ ክፍልስ?» አለች ተረፈች ፈጠን ብላ።

«ትሂዳ! ላም ከረግረግ ያወጣች ልጅ ሰባተኛ ክፍል ያቅታታል? ሱቁን ግን ስትወጪ ትዘጊዋለሽ፣ ሰማሽ?»

ቤት ሲመለሱ እናቷ እንደቆሙ ነበሩ፤ ኩምሳ ምሰሶውን ተደግፎ እያንቀላፋ ነው። ኦቦ ሞቱማ ቦታቸው ላይ ተመልሰው ወደ ምሥራቅ ዞሩ።

«ያ ዋቃ፣ ስለ ቡሬ እስከ ትናንት ያልኩህን ተወው። ከረግረጉ በሸምሰዲን ልጅ በራህመት እጅ ስላወጣሃት፣ ተመስገን።»

«አሜን!» አለች ተረፈች። ኩምሳን ከእንቅልፉ ያባነነው የእሷ አሜን ነው።

«ስለ ተረፈችም» አሉ ቀጥለው። «ሳታረፍድ ብትነግረን ይሻል ነበር። ግን ስለነገረችን፣ ተመስገን።»

ሁሉም አሜን አሉ፤ እሷም በቀስታ አለች።

ራት ላይ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ ጥላውን እኔ ብይዘው ይሻላል መሰለኝ። ሰዉ እልልታውን ላንቺ ነው ያዘጋጀው። እኔ ከያዝኩት የሚጠይቅሽ አይኖርም፤ ነገሩ በዚያው ይረሳል።»

ተረፈች የጎረሰችውን ዋጠች። ኦቦ ኢተፋ፣ የክፍሏ ልጆች፣ ጀግና ያሏት ሴቶች ሁሉ ነገ እዚያ ይኖራሉ። እውነቱን ሲሰሙ አንዳንዱ ይስቅባታል፤ ምናልባት ብዙው።

«መሪጌታ በስንት ሰዓት ይመጣሉ?» አለች።

«ከቅዳሴው በፊት ነው። ምነው?»

«ቀድሜ ላገኛቸው» አለች ተረፈች። «ጥላውን እኔው እይዘዋለሁ። የሚጠሩትን ስም ግን እኔ ልንገራቸው።»