በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ዜማ

«ኖታው የታለ?» አለች እየሩስ፣ በገናውን ገና ሳትነካው።

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አያት። ዘመሮ ከተማ ውስጥ በገና ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።

«ኖታ የለንም ቲቸር። ጣቴን ይዩ» አላት።

«ጣት እያየሁ አልማርም!»

እየሩስ የቀየት ከተማ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ቫዮሊን ተምራ ዘመሮ ሙዚቃ አስተማሪ ሆነች። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም በገና ልልመድ ብላ መጣች እንጂ፣ ኩራቷን ቤት ትታ አልመጣችም።

ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ። በአራተኛው «አንቺ» ይላት ጀመር፤ እሷም ከጣቱ ይልቅ ፊቱን ማየት አብዝታ ነበር።

የደብረ ዘይት ዕለት አምስት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ሰጣት።

«የምስጋና ዜማ ነው... ላንቺ ጻፍኩት።»

ቤቷ ገብታ በቫዮሊን ሞከረችው። ዜማው አነከሰ። አስተማሪ አይደለች? ቀይ እስክሪብቶ አነሳች፤ አሥራ ዘጠኝ ቦታ አርማ ከሥሩ «እንደገና ይሠራ» ብላ ጻፈችበት።

በሳምንቱ ስትመልስለት ወንድምአገኝ አየው። ፊቱ ጠቆረ።

«እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። ወረቀቱን ይያዙት። ከእንግዲህ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ።»

ያ «ይፈልጉ» የሚለው አነጋገር ከነከናት። ለአከራይዋ ለእማማ አማከለች ነገረቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ? ወር ሙሉ ከስልክ ላይ ኖታ ሲያጠና ከረመ እኮ! ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ትናንት ‹ቅሩ› ብሏቸዋል።»

እየሩስ ወረቀቱን ዘረጋች። በመስመሩ ራስ ላይ ለወፍራም ድምፅ መሣሪያ የሚደረገው የፋ ቁልፍ ተቀምጧል። ዓይኗ የለመደው የቫዮሊኑን፣ የሶል ቁልፍን ነው፤ ሳታየው አልፋ ሁሉንም ኖታ ሁለት ደረጃ አዛብታ አንብባለች። እንደገና ስታነበው አንድም ስህተት የለበትም።

«እኔ ደንቆሮ!» አለች ጮክ ብላ።

ሄዳ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነበር። እሷ ግን በገና ከሰው ተውሳ ተለማመደች፤ ሶል ያለችው ሲ እየሆነባት፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ መስመር እየቆጠረች። የሆሣዕና ዕለት ከሰዓት ቤቱ ሄዳ ተቀመጠችና ዜማውን ደረደረች። መጨረሻው ላይ ተሳሳተች።

«ጣትሽን ላላ አድርጊው» አለ ወንድምአገኝ፣ ቂሙን ረስቶ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልፉን አላየሁትም። ይቅር በለኝ... ምስጋናው ግን ስለምንድን ነው?»

«ስላንቺ ነው።»

እንባዋ መጣ። ትወደዋለች፤ ይህን በመናገር ግን ጊዜ አላጠፋችም።

«ሽማግሌዎቹን ላካቸው። ብቻ አባቴ ሁለቴ ሳይመልሱ አይሰጡም።»

«አሥር ጊዜ ይመልሷቸው!»

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ቀየት ሄደው ሁለቴ ተመለሱ። በሦስተኛው የእየሩስ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ይህ በገና ሠሪ ምን አለው?»

ልጅ በሽማግሌ ፊት አይናገርም፤ ድምፁ የመጣው ከጓዳ ነው።

«እኔ አለሁት!»