የቆመው ሰዓትና አሥራ አንዱ ካሜራ

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ከስምንተኛ ክፍል እንደወጣሁ የማያውቅ የለም። ስሙን ያወጣልኝ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን አጎንብሼ ካሜራ ስከፍት አየና «ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አለፈ፣ ስሙ ቀረ።

እሷ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» አለችኝ።

ማክሰኞ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሱቄ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ የሚቆምባት ክፍል ናት። አንድ ደግ ነገር ቢኖራት መስኮቷ ነው። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጋደም ይላል፤ አቧራው ውስጡ ቀስ እያለ ይዋኛል። ልጅቷ ካርቶን ታቅፋ መጥታ ብርሃኑ መሐል ቆመች።

«ካሜራ የሚጠግኑት እርስዎ ነዎት?»

ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ግድግዳ ብቻ ነው።

«ነኝ» አልኩ።

«አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ሞተዋል። መጠገኑ ብቻ አይደለም የምፈልገው፤ ምን እንደገደላቸው እንዲነግሩኝ ነው።»

ሥራዋን አስረዳችኝ። የትልቁ ስልክ ሠሪ ኩባንያ የገበያ ጥናት ክፍል ውስጥ ናት። ኩባንያው ዲጂታል ካሜራ ወደ መሥራት ይግባ ወይስ አይግባ እየተባለ አለቆቹ ተከፋፍለዋል። ክርክራቸው በሽያጭ ቁጥር ነው። እሷ ደግሞ ሰዎች ካሜራቸውን ለምን እንደተዉት ማወቅ ፈልጋ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ እነዚህን ሰበሰበች።

ኩባንያውን አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጥገና ክፍላቸው ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰው እጄን አላየም። የትምህርት ወረቀቴን አገላብጦ አየ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መለሰልኝና «አንተ፣ እዚህ የተማረ ሰው ነው የምንፈልገው» አለኝ። እነዚያን ሁለት ጣቶች ዛሬም በሕልሜ አያቸዋለሁ።

«ይዘሽው ሂጂ» ልላት አፌን ስከፍት እሷ ቀና ብላ ግድግዳውን ታያለች።

«ሰዓትዎ ቆሟል።»

«ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

የጠገንኩትን ካሜራ ሁሉ የምፈትነው በዚያ የግድግዳ ሰዓት ነው። አንድ ፎቶ አነሳዋለሁ። ቁጥሮቹ ደቃቅ፣ ዘንጎቹ ቀጭን ስለሆኑ ሌንሱ አጥርቶ ማየት አለማየቱ ወዲያው ይታወቃል። ዘንጉ እየዞረ ካስቸገረኝ ግን ፎቶውን ከራሱ ከሰዓቱ ጋር ማመሳከር አልችልም። ስለዚህ ባትሪውን አውጥቼለታለሁ። ስንት ዓመቱ፣ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ፎቶውን ካየሁ በኋላ አጠፋዋለሁ፤ የሰው ካሜራ እንደመጣ ነው መመለስ ያለበት። የሱቁ ሕግ ነው።

ይህን ስነግራት ሳቀች። የልብስ ሰፊውን ዓይነት ሳቅ አልነበረም።

«ለፎቶ ብሎ ጊዜን ያቆመ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

ካርቶኑን ተቀበልኳት።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣ ጀመር። በአንድ ቀን የምንከፍተው አንድ ካሜራ ነው። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ሦስት መጨረስ እችል ነበር። «ሥራ በጥድፊያ አይሆንም» እላታለሁ። ውሸቴን ነው።

ካሜራ ስከፍት ነጭ ወረቀት ላይ የካሜራውን ቅርጽ እስለዋለሁ፤ የፈታሁትን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ። አለዚያ ስገጥም ይምታታል። በሁለተኛው ሳምንት ሥዕሉን እሷ ትስልልኝ ጀመር። እኔ ብሎኑን በወረንጦ አቀብላታለሁ፣ እሷ በጣቷ ጫፍ ታስቀምጠዋለች። ከሰሊጥ በምታንስ ብሎን ላይ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያጎነብስ ዓለም በሙሉ ከደጅ ትቀራለች።

የመጀመሪያውን የገደለው የባሕር አሸዋ ነው። ሁለተኛው ውስጥ የሕፃን ወተት ደርቆ አገኘን። ሦስተኛው ወድቆ ነው፣ አጥንቱ ተሰብሯል። አራተኛውን ስከፍተው ግን ንጹሕ ነው። ባትሪው ብቻ ውሃ አውጥቶ ሽቦዎቹን አዝጓቸዋል።

«ይሄንንስ ምን ገደለው?» አለች እርሳሷን አዘጋጅታ።

«ማንም አልነካውም። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሞተው።»

«መቀመጥ ይገድላል?»

«ከመውደቅ የባሰ።»

አልጻፈችውም። ዓይኗን ከካሜራው ወደ እኔ አነሳችው።

«አንተ ስለ ካሜራው ነው የምታወራው?»

«አንተ» ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ያ ሰውዬ ሲለኝ ጥፊ ነበር። እሷ ስትለኝ ግን ሰው ደጁን ከፍቶ «ግባ እንጂ» ያለኝ ያህል ሆነ፤ የዚያን ሰውዬና የወረቀቴን ነገር ያን ቀን ነገርኳት።

ሌላም ነገር ለመድን። ካሜራው ሲነሳ ውስጡ የቀረውን የመጨረሻ ፎቶ አብረን እናያለን። የጠረጴዛ ልብስ ጠርዝ። ሌንሱን የሸፈነ አውራ ጣት። ዝናብ ያረፈበት የአውቶቡስ መስኮት። ግማሹ የተቆረጠ የሰው ፊት፣ እየሳቀ።

«የመጨረሻው መሆኑን እኮ ማንም አላወቀም» ትላለች።

አምስተኛውን ጠግኜ እንደ ልማዴ ወደ ሰዓቱ አነሳሁት። እሷ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ የተረፈ ብሎን እንዳለ ትቆጥራለች፤ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ሳታውቀው ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ራሱ ዞረ ብዬ አልምልላችሁም። ብቻ ዞረ።

«ጨረስክ?» አለች ቀና ሳትል።

«ቁጥሮቹ ጥርት ብለዋል» አልኩ።

አላጠፋሁትም። ስድስተኛውንም፣ ሰባተኛውንም እንዲሁ። በኋላማ የመጀመሪያዎቹን አራቱን «እስኪ እንደገና ልፈትናቸው» ብዬ ከካርቶኑ አወጣኋቸው። በምን እንደፈተንኳቸው ታውቃላችሁ።

ታላቅ እህቴ ፎቁ ላይ ነው የምትኖረው። ምሳዬን ይዛልኝ ስትወርድ ትነዘንዘኛለች፤ ልጅቷን «እመቤት ጥያቄ» ብላታለች።

«እመቤት ጥያቄ ዛሬ ትመጣለች?»

«ማክሰኞ አይደል፣ ትመጣለች።»

«ለመሆኑ ያ ኩባንያ ይግባ አይግባ ለማለት ስንት ወር ሊፈጅ ነው? ስልኬ ፎቶ ያነሳል። በቃ፣ አይግባ! ሂድና እህቴ ወሰነችላችሁ በላቸው።»

«ተይ እትዬ፣ አፍሽን አትክፈቺ።»

ምን እንዳስፈራኝ ገብቷታል። ኩባንያው ይግባ ከተባለ ልጅቷ የአዲሱ ክፍል ኃላፊ ትሆናለች፤ «ያኔ የሚጠግን ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ» ብላኛለች። አይግባ ከተባለ ካርቶኑ ይሄዳል፣ ካርቶኑ ከሄደ እሷ እዚህ ምን ታደርጋለች? እኔም ደግሞ ሳልማር የምቆጥረው ቁጥር አለ። እስከዚያ ከከፈትናቸው ከአሥሩ ሰባቱ የሞቱት ተረስተው ነው። የማይወድቅና የማይሰበር ካሜራ ቢሠሩ ለተረሳ ነገር ምን ይፈይዳል? እያንዳንዱን በከፈትኩ ቁጥር ልጅቷን በገዛ እጄ ከሱቄ እያስወጣኋት ነበር።

የአሥራ አንደኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ፈትኜ እንደጨረስኩ እህቴ ከላይ «እመቤት ጥያቄ፣ ነይማ ይሄን መጋረጃ አብረን እንስቀል!» ብላ ጠራቻት። ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን አነባለሁ። በራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። «መረጃ ሰጪ፦ አንድ የመንደር ጠጋኝ። ትምህርት፦ አነስተኛ።»

ሁለቱ ጣቶች ተመልሰው መጡ።

ስትወርድ ካሜራዎቹን ካርቶን ውስጥ ከትቼ በፕላስተር እያሸግኩ ደረሰች።

«ምን ሆንክ?»

«ጠጋኙ ጨርሷል።»

ወረቀቱን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሁሉ ወረደ። እኔ አልጻፍኩም አላለችም።

«ቆይ ልንገርህ...»

«ኩባንያችሁ ይግባ፣ ይውጣ፣ ይስመጥ! የመንደር ጠጋኝ ምን አገባው?»

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ከዚያ ካርቶኑን ታቅፋ ሄደች። የእግሯ ድምፅ ከደጅ ሲጠፋ ነው ትዝ ያለኝ፤ እጄ ራሴ ላይ ወጣ። ፎቶዎቹን አላጠፋኋቸውም። ሮጬ እንዳልደርስባት ኩራቴ እግሬን ያዘኝ። ስንት ነገር እንዳስቀረብኝ፣ ይሄ ኩራት!

አንድ ማክሰኞ አለፈ። ሁለት ሐሙስ አለፈ። ብርሃኑ በሰዓቱ መጥቶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። እህቴ ሳህኑን እንዳመጣችው መልሳ ስትወስድ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ቂምህን እንደዚያ ብሎንህ ወረቀት ላይ ደርድረህ ነው የምትኖረው። አንዱም አይጠፋብህም። እስኪ አንዳንዴ ይጥፋብህ!»

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ካርቶኑን ታቅፋ መጣች። የመጀመሪያ ቀን የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ስብሰባው ተደረገ» አለች።

ካቻቪቴውን አስቀመጥኩ።

«እያንዳንዱ ካሜራ ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ፎቶ ላሳያቸው አስቤ ነበር። የጠረጴዛ ልብሱን፣ አውራ ጣቱን፣ የአውቶቡሱን መስኮት። የመጀመሪያውን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘሁት፤ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አገናኘሁ፤ እኔ! አሥራ አንዱም እኔ ነኝ። ብሎን ስቆጥር፣ ሳዛጋ፣ እርሳስ ነክሼ። አሥራ አራት ሰው ፊት!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ሳቁብሽ?»

«መጀመሪያ ሳቁ። እየቆየ ሲሄድ ዝም አሉ። ዋናው አለቃ መነጽሩን አወለቀና ‹ይሄን ያነሳው ማነው?› አለ። ‹ካሜራዎቹን ያዳናቸው ሰው ነው› አልኩት።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ከዚያ ጠየቁኝ። ይግባ ወይስ አይግባ?»

«እና?»

«አይግባ አልኩ።»

ካርቶኑን አየሁት።

«የኛ ሥራ በሁለት ዓመት የሚጣል ዕቃ መሸጥ ነው አልኳቸው። ካሜራ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚከፍተው፣ የሚጠርገው፣ የማይቸኩልበት ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደጃችን ድረስ መጥቶ ወረቀቱን አይተን መለስነው። አሁን ማን ሊንከባከበው ነው የምንሠራው? አልኳቸው። አይግባ ተባለ።»

«አዲሱ ክፍልስ?»

«የለም።»

«ሹመትሽስ?»

«የለም። የድሮ ወንበሬ ላይ ተመልሻለሁ። እግሩ ያው እንደተናጋ ነው።»

እንግዲህ ወደ እኔ የሚያመጣት ምንም ነገር አልቀረም። ጠየቅኳት።

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣሽ?»

«ልከስህ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያ ጽሑፍ የእኔ እጅ ነው፤ አላመካኝም። ቅጹ ላይ ‹ትምህርት› የሚል ሳጥን ነበረ፣ ሞላሁት። ሳላስብ ነው የሞላሁት፤ የባሰውም እሱ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅህ ጽፌሃለሁ። አንተ ደግሞ አሥራ አንድ ጊዜ ሳትጠይቀኝ አንስተኸኛል። ፍረድ። ማነው የባሰው?»

ለሰው ሁሉ መልስ የማላጣ ሰው ነኝ። ለልብስ ሰፊው አለኝ፣ ለዚያ ባለ ሁለት ጣት ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት አለኝ። ለእሷ ግን ፈልጌ ፈልጌ አንድ ቃል ብቻ አገኘሁ።

«እኔ» አልኩ። «ይቅር በይኝ። ላጥፋቸው?»

«እስኪ ሞክርና እንተያይ!»

ሳቋ ሲመጣ ሳላስበው የእኔም መጣ። ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ትንሽ ባትሪ አወጣች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ሰዓቱን ከግድግዳው አወረደችው፣ አቧራውን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው።

«ምን ልታደርጊ ነው? መፈተኛዬ እኮ ነው!»

«ለመፈተኛ ከእንግዲህ እኔ አለሁልህ። እሱ ወደ ሥራው ይመለስ። ስንት ሰዓት ነው?»

ሁለታችንም የእጅ ሰዓት የለንም፤ ስልኮቻችንን ማውጣት እንኳ ትዝ አላለንም። ወደ ላይ ጮህኩ።

«እትዬ! ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ተኩል!» አለች ከላይ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ሰዓት አማራችሁ?»

ባትሪውን ከታ ዘንጉን በጣቷ አዞረችው። ቀጭኗ ዘንግ ተንቀጠቀጠች፣ አመነታች፣ ከዚያ ሄደች።

ያን ሰውዬ ረሳሁት ብዬ አልዋሻችሁም። ልብስ ሰፊውም እስከ ዛሬ «ዶክተር» ይለኛል። ሱቁም ያው ነው፤ ከደረጃ ሥር፣ ጠባብ። ካሜራ ጠግኜ ስጨርስ ግን ዓይኔ ወደ ግድግዳው አይሄድም። «ቀና በይ» እላለሁ፤ ብሎን እየቆጠረች ቀና ትላለች።

የሱቁን ሕግ ትቼዋለሁ። ደንበኞቼ ካሜራቸውን ወስደው በሁለተኛው ቀን ይመለሳሉ።

«ዶክተር፣ እኔ ያላነሳኋት ሴት ካሜራዬ ውስጥ ተገኝታለች። ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት» እላቸዋለሁ።

ይህችን ቃል ለማለት ስል ነው የማላጠፋው።