የጋሽ ትዕዛዙ ሸቭሮሌ

ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከፍኖተ ሰላም በእግሯ ጅጋ ደርሳ የቆርቆሮውን ጋራዥ በር ስትከፍት፣ የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር። አቶ ትዕዛዙ በሰማያዊቷ ሸቭሮሌ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው ተኝተዋል። ፊታቸው ቀላ ስላለ የሞተ ሰው አይመስሉም።

«ጭሱ ነው የገደላቸው» አለ አብሯት የገባው ፖሊስ። «ሞተር አስነስተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ግልጽ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሠርክአዲስ።

ያቺን መኪና ጅጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። አቶ ትዕዛዙ በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ከነበረ አሜሪካዊ መሐንዲስ ገዝተዋት፣ ያገሩን ሙሽራ ሁሉ አመላልሰውባታል። ከዚያ ተበላሽታ ቆመች፤ ዶሮ ሰፈረባት፣ ዝገት በላት። ጡረታ ሲወጡ ግን ከቡሬ መካኒክ አስመጥተው ላሜራዋን አስጠገኑ፣ ወንበሯን አዲስ ቆዳ አስለበሱ። ሞተሯ እንደገና የተነሳ ዕለት ቆመው አልቅሰዋል ይባላል።

ትናንት በዚሁ ግቢ የያምሮት አርባ ወጥቷል። ያምሮት በግቢው ተከራይቶ የሚኖረው የመምህር ምናለ ሚስት ነበረች። ምጥ ላይ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። የተዝካሩ ድንኳን ገና አልፈረሰም።

ሠርክአዲስ መኪናዋን ቀስ ብላ ዞረቻት። የሟቹ ጫማ ከኋላው በር ውጭ ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ወለሉ ለዓመታት ዘይት የጠጣ ጥቁር አፈር ነው፤ የሟቹ ነጭ ካልሲ ግን ከሥሩም አንዲት እድፍ የለበትም። ከፊት ቁልፉ እንደዞረ ቀርቷል። ከመሪው አጠገብ ያለው የቾክ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ተስቦ ወጥቷል። በታንከሩ ውስጥ ብዙ ቤንዚን አለ። በመጨረሻ በደረቷ ተኝታ፣ በእጅ ባትሪ ከመኪናዋ ሥር አየች። ከዚያ ተነስታ ልብሷን አራገፈችና ወደ ድንኳኑ ሄደች።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ንግሥቴ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው፣ ልጄ። እንቅበረው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከዚህ ድንኳን ንቅንቅ አላልሁም፤ ዕድርተኛው ሁሉ ያየኛል። እሱ አረቄውን ደጋግሞ ጠጣና ወደ መኪናው ሄደ። ጆሮው ከከበደ ቆይቷል፤ አረቄ ከጨመረበት ምንም አይቀሰቅሰው። ኋላ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። የለመደው ነው ብዬ ተውሁት።»

«ሄደው አላዩም?»

አንገታቸውን ደፉ። «አንነጋገርም ነበር። ያምሮት ከሞተች ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈስሁለት።»

«ለምን?»

«ንጋት ላይ ምጡ ጠናባት። መንገዱ ተዘግቷል ተብሎ መኪና የሚባል አይንቀሳቀስም። አምቡላንሱም የለ። መምህሩ በራችንን እየደበደበ ‹ጋሼ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያድርሱልኝ› አለው። እሱ ‹አትሄድም ልጄ፣ እግር የላትም› አለና ቃሬዛ ተሸካሚ ሊጠራ ወጣ። የዚያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ሲያስጮሃት እንሰማለን እኮ! ለቀለሟ ሳስቶ ነው ብዬ አዘንሁበት። ልጅቱ ቃሬዛ ላይ እንዳለች፣ መንገድ ላይ አለፈች።»

መካኒኩ ወንድምአገኝ ለተዝካሩ ከቡሬ በእግሩ የመጣ ነው። ትናንት ከአቶ ትዕዛዙ ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሠርክአዲስ።

«ባሕር ዳር ስላለ ዕቃ ነው። መንገዱ እስኪከፈት ይታገሱ ብላቸው እምቢ አሉ።»

«ቾኩ ምን ይሠራል?»

«ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተስቦ ይነሳል፤ እንደተነሳ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ቆይቶ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጥላሸት ይለብስና በራሷ ጊዜ ትጠፋለች።»

«ጠዋት ጠዋት ማን ያስነሳላቸው ነበር?»

«መምህሩ። እሱ መሳቢያውን ስቦ ቁልፉን ያዞራል። ጋሼ ጆሯቸው ስለደከመ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አድርገው በንዝረቱ ያዳምጣሉ። መመለሱን ግን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው መጥተው ይመልሱታል።»

መምህር ምናለ ጥቁር ለብሷል፤ ጢሙ አድጓል። ወሎ ተወልዶ ለሥራ ጅጋ የመጣ ሰው ነው። ክፍሉ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ትናንት ጸሎቱ ሳያልቅ ገብቼ ተኛሁ» አላት።

«የሞተር ድምፅ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ወደ ቤት ከገባ በኋላ፣ ሠርክአዲስ ሦስቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ትዕዛዙ ሞተሩን አላስነሱም» ብላ ጀመረች። «ጫማቸውን ከኋላው በር አውልቀው ገብተው ተኙ። ቁልፍ ለማዞር ወደ ፊት ቢሄዱ ኖሮ ይህን ወለል ይረግጡ ነበር። ካልሲያቸው ንጹሕ ነው። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ በወንበር ላይ አይዘለልም።»

የፊቱን በር ከፍታ ተስቦ የቀረውን የቾክ መሳቢያ አሳየቻቸው።

«ስለዚህ ሌላ ሰው አስነሳት። ወንድምአገኝ ቢሆን እጁ ሳያስበው ቾኩን ይመልሰው ነበር። ወይዘሮ ንግሥቴ ከእንግዳው ፊት አልተለዩም። ይህ ሰው ማስነሳቱን ያውቃል፤ ከዚያ ያለውን አያውቅም። የተማረው ግማሹን ብቻ ነው።» ወደ ምናለ ዞረች። «መምህር፣ አልጋዎ ከዚህ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ጫጫታ መካከል የተሰማ ድምፅ እርስዎ ዘንድ እንዴት ሳይሰማ ቀረ?»

ምናለ እጁን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሳረፈ።

«እኔ ነኝ ያስነሳኋት። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ ረጋ ብሎ። «ያምሮት ቃሬዛ ላይ ስትንገላታ ይህቺ እዚህ ቆማ ነበር። ትናንት ብገባ፣ አዲሱ ቆዳ እንዳይቆሽሽ ጫማቸውን አውልቀው ተኝተዋል። ለቆዳው እንዲህ ሳሱ፤ ለእሷ ግን አልሳሱም።»

ሠርክአዲስ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን ነገሩ ፍርድ ቤት መውጣቱ አይቀርም፤ እዚያ ከሚሰማው እዚህ ይስማው አለች በልቧ።

«ወንድምአገኝ፣ ባሕር ዳር ያለው ዕቃ ምንድን ነው?»

መካኒኩ ወደ መኪናዋ ሥር አመለከተ። «ዘንጉ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው። ቶርኖ ቤት እንዲያስተካክሉት ልከነው መንገዱ ተዘጋ። ያለ እሱ ትጮሃለች እንጂ አንድ ክንድ አትሄድም።»

«ዘንግ?» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ። «እኔ ሚስቱ እንዴት አላወቅሁም?»

«‹ተጠግና አልቃለች ብዬ ላገሩ አውርቻለሁ፤ አታዋርደኝ› ብለው አስማሉኝ። ልጅቱ ከሞተች በኋላ ይንገሯቸው ብላቸው፣ ‹አሁንማ ሰበብ ይመስላል፤ ማን ያምነኛል› አሉ። ትናንት የተጨቃጨቅነውም ዘንጉን ተሸክመህም ቢሆን አምጣልኝ ብለውኝ ነው።»

ምናለ የሠርክአዲስን ባትሪ ከእጇ ወሰደ። እሷም አልከለከለችውም። በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ባዶውን ቦታ ሲዳብስ ሰሙት። ከዚያ ባትሪውን አጠፋው።

ወይዘሮ ንግሥቴ ዘይት በጠጣው አፈር ላይ በነጭ ነጠላቸው ቁጭ አሉ። «ነግሮን ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። «‹እግር የላትም› ብሎ አፉን ሞልቶ ነግሮን ነበር።»

የፖሊስ መኪና ነዳጅ ስላልነበረው ወደ ጣቢያው በእግር ሄዱ። የገበያ ቀን ነበርና ገበሬዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ይመለሳሉ፤ መምህሩን የሚያውቁት ቆመው ሰላምታ ሰጡት። እሱም በታሰረ እጁ፣ አንገቱን ዝቅ እያደረገ መለሰላቸው።

«አደጋ ነው ብለው ቢዘጉት ኖሮ፣» አላት መንገዱ ላይ ሰው ሲቀንስ፣ «እሳቸውን እየጠላሁ እኖር ነበር። ጠልቶ መኖር ይቻላል።»

አስፋልቱ ከወዲያም ከወዲህም ባዶ ነበር። ሠርክአዲስ ክንዱን ይዛ መንገዱን አሻገረችው።