የካርዱ ደም

የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። ጠዋት አተኮሳት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ «ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ነው፤ ከወላጆቿ የወረሰችው። ስትወለድ ታውቆ መድኃኒቷን በየቀኑ ብትወስድ ኖሮ ትተርፍ ነበር» አለ። አባትየው ግን ከኪሱ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አወጣ። ስትወለድ ተመርምራለች፤ ውጤቱም «ጤነኛ» ይላል።

ጉዳዩ የተመራው ባልደረቦቹ «ጆሮ» ለሚሉት መርማሪ ነው፤ ከሚናገረው የሚሰማው ይበልጣልና። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። አንዴ የዋሸ ምርመራ ስለ ሌሎች ልጆችም ዋሽቶ ይሆናል፤ ትኩሳት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

መጀመሪያ ወደ ሐዘን ቤቱ ሄደ።

«ጎህ ሲቀድ ከማዋለጃው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አሉት የአባትየው እናት። «አንድ አልጋ ለሁለት አራስ! ምን ልጠብቅ?»

«ተረከዟን ለምርመራ ሲወጉ አይተዋል፣ እናቴ?»

«እኔ አላየሁም። ይቺ እንቅልፋም ምን ታውቅ!» ምራታቸውን በአገጫቸው አሳዩት።

«ደክሞኝ ነበር እኮ፣ እማማ» አለች እናትየው ቀና ሳትል።

«ደም ተሰጥቷት ያውቃል?» አላት መርማሪው።

«ከጡቴ በቀር ምንም ገብቷት አያውቅም።»

የአራሶች ደም የሚንጠባጠብባቸውን የወረቀት ካርዶች ወደ ላቦራቶሪ የሚያመላልሰው ሞተረኛ ገና ሳይጠየቅ ተከላከለ። «ጋሼ፣ እኔ እጭናለሁ እንጂ አልወጋም!»

የላቦራቶሪው ሰው ደግሞ ኮስተር ብሎ ጠበቀው። «ካርድ ላይ የደረቀ ደም ይመጣልኛል፤ ስመረምረው መስመሮች ያወጣል። ይኸኛው መስመር ካለ በሽታው አለ፤ ከሌለ ጤነኛ። አለቀ።»

ጆሮ ሕፃኗ በተመረመረችበት ቀን የወጡትን አሥር ውጤቶች ጎን ለጎን አስደረደረ። ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ዘጠኙ ላይ በግራ በኩል ወፍራም መስመር አለ። የሷ ላይ የለም። ምንድን ነው?»

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። «ሕፃን ከማህፀን ይዞት የሚወጣው የደም ዓይነት ነው። ወራት ሲያልፉ ይጠፋል።»

«እዚህስ?»

«የትልቅ ሰው ደም ነው… ጋሼ፣ እኔ እኮ የማየው የበሽታውን መስመር ብቻ ነበር!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ተሰበሰቡ። ተረከዝ የምትወጋዋ ነርስ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሕፃኗ ደም ተሰጥቷት ቢሆን የሌላ ሰው ደም ይታይባት ነበር፤ አልተሰጣትም» ሲል ጀመረ ጆሮ። «ሞተረኛው ካርድ አምታቶ ቢሆን፣ የምናገኘው የሌላ አራስ ደም ነበር። የላቦራቶሪው ሰው የጠፋ ካርድ ሊተካ ቢፈልግ፣ የአራስ ደም መስመር እንዳለው ያውቃል፤ የትልቅ ሰው ደም አያደርግም። ይህን ያደረገው ካርድ እየሞላ፣ የሚወጣውን መስመር ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ካርዱ ደሙ የተወሰደው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው ይላል። አያቷ ግን ጎህ ሲቀድ አውጥተዋታል፤ በአራት ሰዓት ሕፃኗ ቤቷ ነበረች።»

ነርሷ ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«ሳይወጋ ያመለጠ ልጅ በየወሩ ስብሰባ ላይ በኔ ስም ይነበባል» አለች። «ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ጣቴን ወጋሁና… ስንቱ ልጅ ጤነኛ ሆኖ ይህችኛዋ ትታመማለች ብዬ አላሰብኩም።»

አማቲቱ ምራታቸውን አዩ። «ልጄ፣ እኔ ባልጎትታችሁ ኖሮ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

እናትየው ግን ነርሷን ነበር የምታየው። «እህቴ፣ እንዲህ ያደረግሽው ስንት ልጅ ላይ ነው?»

«ሌላ ሦስት።»

«ቤታቸውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ቃልሽን በኋላ እቀበላለሁ፤ ተነሽ» አላት ጆሮ።

ሁለቱን በሰላም አገኟቸው፤ ደማቸውም እንደ አዲስ ተወሰደ። ሦስተኛው ቤት ተቆልፏል። «ልጁን አተኩሶት ወደ ሆስፒታል ሮጠዋል» አለች ጎረቤት።

ሲደርሱ የሆስፒታሉ አዳራሽ በሰው ተጨናንቋል። ተረኛው ሐኪም የልጁን «ጤነኛ» የሚል ወረቀት አንብቦ ለልጁ እናት እየመለሰላት ነበር። «ጉንፋን ነው፤ ይዘሽው ወደ ቤትሽ ግቢ።»

ነርሷ ሰውን እየገፋች ወደፊት ወጣች።

«ዶክተር! ወረቀቱን አትመነው!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አያት። «የልጁ አይደለም፤ የኔ ደም ነው!»

ሐኪሙ ወረቀቱን ጥሎ ልጁን ተቀበለ።